ማንሳትና መንሳት

እንግዶች ቤቴ ሲመጡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ከሶፋው በላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ላይ ነበር። በእንጨት ፍሬም ተከቦ፣ አንድ ክንድ ያህል ወርድ ይዞ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ኖሯል። «ማን ነው ያነሳው?» ይሉኛል። «እኔ ነኝ» እላለሁ። «አንተ? እውነት?» ሲሉኝ ደግሞ ትሕትና በምትመስል ኩራት አንገቴን ሰበር አድርጌ «እንዲያው ብርሃኑ ገጥሞልኝ ነው» እላለሁ። ብርሃኑ ብቻ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ ግን በጣም እፈልግ ነበር።

ፎቶግራፉ ላይ ያለችው የማሽላ አገዳ የተሸከመች ሴት ናት። ከኋላዋ የይፋት ቆላ ለጥ ብሏል፤ ከቆላው ማዶ ተራራው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የምሽት ፀሐይ አገዳውን ወርቅ ቀብታዋለች። ሴትዮዋ ቀኝ እጇን ወደ ፊቷ አንስታለች፤ መዳፏ ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ በጣቶቿ መሃል አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። እንግዶቼን የሚይዛቸው ያ ዓይን ነው። «እንዴት ያለ ጭምትነት ነው!» ይላሉ። አንድ ወዳጄማ ሁለተኛውን ቢራ ካጋመሰ በኋላ ስለ ሀገራችን ሴቶች ጨዋነት ረዘም ያለ ንግግር አድርጎበታል። እኔም ብሆን የፎቶግራፍ ወዳጆች ተሰባስበን ባዘጋጀናት አንዲት ትንሽ ኤግዚቢሽን ላይ ሳቀርበው «ዓይናፋሯ» የሚል ርእስ ሰጥቼዋለሁ።

እውነቱን ልናገር። ሴትዮዋ ያን ቀን አላፈረችም። ያለችኝ «ተው!» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው ጥር 1994 ዓ.ም. ነበር። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስታችንም ከደመወዛችን የተረፈችውን ሁሉ በፊልም መግዣና በፊልም ማሳጠቢያ የምንጨርስ። እንጀራችን ፎቶግራፍ አይደለም። አንዳችን ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዳችን መምህር፣ እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ከወረቀት የማገናኝ ሰው ነበርኩ። በሁለተኛ እጅ የገዛኋት ዜኒት የምትባል የሩሲያ ካሜራ ነበረችኝ፤ ስትነሳ የመዝጊያ ድምፅ የምታሰማ። ቅዳሜ ማለዳ በመምህሩ ቮልስ ተጭነን የደሴን መንገድ ያዝን። ሐሳባችን ሸዋ ሮቢት አድረን በማግስቱ የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ማንሳት ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ሜዳ የሚገበያዩበት ቦታ ነውና ካሜራ ለያዘ ሰው ሰርግ ማለት ነው።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ከማለፋችን በፊት ጭላዳዎች አየንና ቆምን። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም እንደማይገኝ እናውቃለን፤ በዚህ እንኮራለን፤ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውን ሣር እየነቀሉ ይበላሉ። የዝንጀሮ ጀርባ ደግሞ ማን ይፈልጋል? ብርዱ ያጠወለጋቸው ልጆች ከበቡን፤ አንደኛው «ላስነሳላችሁ?» አለ። አስነሳልን አልነው። ድንጋይ ወረወረ። መንጋው ብድግ አለ፤ አንዱ ትልቅ ወንድ ዞሮ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየን፤ እኛም ካሜራችንን አንጣጣን። ለልጁ ሁለት ብር ሰጠነው። ጭላዳ ከንፈሩን እንዲያ የሚገለብጠው ሲፈራ ወይም ሲያስፈራራ መሆኑን ያወቅሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እኔ የዚያን ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በእርሳስ «ፈገግታ» ብዬ ጽፌበት ነበር።

ከዚያ ቁልቁለት ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነስታችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ፣ ቆሎው ሳያልቅ 1 ሺህ 300 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። ሹራብ ይወልቃል፤ ጃኬት ይወልቃል፤ ቀጥሎ ጫማ። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ፣ ሽንኩርቷን፣ ትምባሆዋንና ፓፓያዋን ይዛ ትቀበላችኋለች። (ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ማረሚያ ቤቱ ነው። በነገራችን ላይ፣ ሰው እንቢ ሊለው የማይችለው ፎቶግራፍ ቢኖር የእስረኛ ፎቶግራፍ ነው። ፊት ለፊት፣ ከዚያ በጎን። ያንን ማንም «ጭምትነት» አይለውም።)

አመሻሹ ላይ ከከተማዋ ወጣ ብለን የእግር መንገድ ይዘን ቆምን። ሦስት ሴቶች አገዳ ተሸክመው መጡ። ሁለቱ ወደ እርሻው ዞረው አለፉ። ሦስተኛዋ መንገዷን አልለቀቀችም። ካሜራዬን ሳነሳ «ተው» አለች። «አንዴ ብቻ፣ እህቴ» አልኩ። «ተው አልኩህ እኮ!» ብላ አንድ እጇን ከሸክሙ አላቃ ወደ ፊቷ አነሳች። በዚያች ቅጽበት ተጫንኩት። ዜኒቷ ጓ አለች። ሴትዮዋ እጇን አውርዳ፣ ሸክሟን አስተካክላ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አላለችም፤ ድምፅዋንም አልጨመረችም፤ «እናትህንም እንዲህ ነው የምታነሳት?» አለችኝና ሄደች።

ጓደኞቼ ሳቁ። «ያዝካት!» አለኝ ሒሳብ ሠራተኛው። እኔም ሳቅሁ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ከሠላሳ ስድስቱ ውስጥ እንደሷ ያለ አልነበረም። የሰንበቴው ገበያ ሁሉ፣ ግመሉ፣ ጨው የሚሸጠው ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከእጇ መዳፍ አልበለጠም። አስፋፍቼ አሳተምኩት።

እንግዲህ አሥራ ሦስት ዓመት። በ2007 ዓ.ም. የጎረቤቴ እናት ለጉልበታቸው ሕክምና ከሸዋ ሮቢት መጥተው ቡና ጠራናቸው። እንደማንኛውም እንግዳ ቀና ብለው አዩት። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ቆይተው «ልጄ» አሉኝ፣ «ይቺን ሴትዮ ማን ነው ያስቆጣት?»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ሲኒዬን አየሁ። «ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው እማማ፣ ከስንት ዓመት በፊት» አልኩ፣ የተጠየቅሁትን ትቼ ያልተጠየቅሁትን እየመለስኩ። «አገሬ ናታ!» ብለው ተነሱ፤ በዚያ ጉልበታቸው ሶፋውን ተደግፈው ቀረብ ብለው አዩ። «ማን ትሆን? ፊቷን ብናየው እናውቃት ነበር።» ትንሽ ዝም አሉና «እሷስ መች ፈለገች» ብለው ተቀመጡ።

በዚያው ሳምንት ከግድግዳው አወረድኩት። ፍሬሙ የነበረበት ቦታ ከቀሪው ግድግዳ ነጣ ብሎ ቀረ። ባለቤቴ «በል እንግዲህ ቀለም ቀባ» አለችኝ። ቀለም አልቀባሁም፤ የባንክ ካላንደር ሰቀልኩበት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ኖሬያለሁ። አማርኛችን ስለ ፎቶግራፍ ሲናገር «ማንሳት» ይላል፤ የወደቀን እንደማንሳት፣ ስምን በደግ እንደማንሳት። እንግሊዝኛው «መውሰድ» ነው የሚለው፤ ስለዚህ እኛ የተሻልን ይመስለኝ ነበር። የግዕዙ «ነሥአ» ግን እሱም ወሰደ ማለት ነው። ደግሞ «ማንሳት» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋ ፊደል ከራብዕ ወደ ግዕዝ ብትመለስ ቃሉ «መንሳት» ይሆናል፤ እንቅልፍ መንሳት፣ ሰላም መንሳት፣ ፊት መንሳት። ሴትዮዋ እንግዲህ ፊት ነሳችኝ፤ መብቷ ነው፤ ፊቱ የሷ ነው። እኔ ግን የነሳችኝን ራሱን፣ እንቢታዋን አነሳሁና ፍሬም አበጀሁለት። ወደድኩት የምለው ውበት ሁሉ ያለው እዚያ መዳፍ ላይ ነው። «እሺ» ብላ ቀጥ ብላ ቆማልኝ ቢሆን ኖሮ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ አይወጣም ነበር። ይህን ሳስብ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ሳላስፈቅድ ያነሳኋቸው ሌሎች ብዙ ሰዎች አሉ፤ እነሱ እንቅልፍ አይነሱኝም። የሷ ግን ለየት ይላል፤ ያተረፍኩት ከ«ተው» ውስጥ ነው።

ለምን እንቢ አለች? አላውቅም። የካሜራ ወግ ሲነሳ «የገጠር ሰው ነፍሱ የምትወሰድ ይመስለዋል» የሚል የተለመደ ተረት አለ፤ ከፈረንጅ የመጽሐፍ ገጾች እየተገለበጠ የመጣ። ለእኛ ይመቸናል፤ እንቢታውን ወደ አለማወቅ ይለውጥልናልና። ሴትዮዋ ግን ስለ ነፍሷ ምንም አላለችም። ስለ እናቴ ነው የጠየቀችኝ።

እናቴ። እናቴን እንዲህ አንስቻት አላውቅም። ከወጣትነቷ የቀረ አንድ ፎቶግራፍ አላት፤ በ1950ዎቹ ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው። የተበደረችው ሐብል አንገቷ ላይ አለ፤ ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዷል፤ አንድ እጇ የላስቲክ አበባ ያለበት ማስቀመጫ ላይ አርፏል፤ ከኋላዋ በቀለም የተሣለ ሐይቅ አለ፤ አይታው የማታውቀው። አትስቅም። ያኔ ፎቶግራፍ ውስጥ መሳቅ ነውር ነበር። ያንን ሐይቅና ያንን አበባ ወጣት ሆኜ እስቅበት ነበር፤ «ውሸት ነው» እል ነበር። እውነተኛው እናቴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የወረደችው ናት፣ የእሱ ፎቶግራፍ ነበር መኖር ያለበት፣ እል ነበር።

አሁን ሳስበው ፎቶ ቤት የሚባለው ነገር ትልቅ ቁም ነገር ነበረበት። ካሜራ ወደ ሀገራችን ሲገባ መጀመሪያ ያገለገለው ቤተ መንግሥቱን ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ ተላልፎ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቋል። ንጉሥ ደግሞ ሲነሳ እንዴት እንደሚነሳ ይመርጣል፤ ካባውን፣ ዙፋኑን፣ ከጎኑ የሚቆመውን። ፎቶ ቤቱ ይህንን የመምረጥ መብት በጥቂት ብር ለተራው ሰው ሸጠለት። በሩ ላይ መስታወት ተሰቅሏል፤ ማበጠሪያ ተቀምጧል፤ ኮትና ክራባት የሚያውሱም ነበሩ። የገባው ሰው ራሱን አበጥሮ፣ ሊታይ እንደሚፈልገው ሆኖ ይቆማል። ሐይቁ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ምርጫው ግን የራሱ ነው።

እኛ ካሜራ አንግበን በየገጠሩ የምንዞር አማተሮች የምንፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ያልተበጠረውን ነው የምንፈልገው። ሕፃኑ ንፍጡን ጠርጎ ሲመጣ ቅር ይለናል። ገበሬው «ቆይ ሸሚዜን ልቀይር» ሲል «አይ አይ፣ እንዳለህ ሁን!» እንላለን፤ በጎ የተናገርን እየመሰለን። የኤሌክትሪክ ምሰሶው እንዳይገባ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ እንሄዳለን። ቢጫውን ጀሪካን «እስቲ ወዲያ አድርጊው» እንላለን፤ እንስራ ብትይዝ ደስ ይለን ነበርና። የይፋትን ሰው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት እንደነበረ አድርገን ወደ አዲስ አበባ ይዘነው እንመጣለን። ማታ ግን እሱ ቤቱ ገብቶ ሬዲዮ ይከፍታል።

ፈረንጅ እንዲህ ሲያደርገን እኮ እንቆጣለን! መርካቶ ውስጥ አንድ ቱሪስት ለማኝ ላይ ካሜራ ሲያነጣጥር «ሀገር ልታሰድብ!» ብሎ ያልጮኸ አለ? እኔ ራሴ ጮኼ አውቃለሁ። ከጣርማ በር በታች ግን እኛው ፈረንጅ ነን። ቮልሳችን፣ የፀሐይ መነጽራችን፣ «አንዴ ብቻ» የምትለው ልመናችን ሁሉ የፈረንጅ ነው። እንዲያውም ከፈረንጆቹ አንዱ ሳይሻለን አይቀርም። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ሆኖ ካሜራ አስመጥቶ ነበር፤ ካነሳቸው ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ ተርፈዋል፤ ከእነሱም ውስጥ የራሱ ፎቶግራፎች አሉበት። በ1887 ጠመንጃ ጭኖ በዚህ በይፋት በኩል ወደ አንኮበር ሲወጣ ካሜራውን ሸጦት ነበር። የጠመንጃው ነገር ሌላ ጨዋታ ነው፤ ቢያንስ ግን መጀመሪያ ራሱን አንስቷል።

በደቡብ ኦሞ ሙርሲዎች ለአንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ብር ብለው ዋጋ ቆርጠው ያስከፍላሉ። ከዚያ የሚመለስ ተጓዥ ሁሉ «ገንዘብ አበላሻቸው» እያለ ያዝናል። እኔ አላዝንም። ዋጋ የጠራ ሰው ቢያንስ ተጠይቋል፤ እንቢም ማለት ይችላል። የተበላሸ ነገር ካለ እዚያ ካሜራ ይዘን የደረስን ቀን ነው የተበላሸው።

የቮልሱ ባለቤት፣ መምህሩ፣ በዚህ አይስማማም። ዛሬም በተገናኘን ቁጥር እንከራከራለን። «ሁሉንም እያስፈቀድክ ብታነሳ» ይለኛል፣ «ዓለም ላይ ያለው ፎቶግራፍ በሙሉ የመታወቂያ ጉርድ ይሆን ነበር።» ቀጥሎ ኮረምን ያነሳል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ካሜራውን የደቀነው የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ ጠይቆ ነው ወይ? ከዚያ በፊት በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳይስ? ባያነሱ ኖሮ የስንት ሰው ሕይወት ይጠፋ ነበር?

እውነቱን ነው። ይህን የምመልስበት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፤ እኔ የወጣሁት ለሽርሽር ነበር። ሴትዮዋን በማንሳቴ ለአገዳ ተሸካሚ የመጣለት አንድ ነገር የለም፤ የመጣው ለሳሎኔ ነው። የሚሞት ሰው ፊት የቆመ ካሜራና ፀሐይ ስትጠልቅ ውበት ፍለጋ የወጣ ካሜራ በአንድ ሕግ አይዳኙም። ደግሞ የዲምብልቢ ፊልም ሌላም ነገር ያስተምራል። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ የቤተ መንግሥት ድግስ በመሃል በመሃሉ ተቀጥሎበት ነበር። የረሃብተኛው ምስል ያው ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠው ነገር ግን የሚናገረውን ለወጠው። ምስል ከጎኑ ያስቀመጡለትን ነው የሚናገረው። እኔም ከሴትዮዋ ሥር ያስቀመጥኩት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ዓይናፋሯ»። ከማንሳቱ ይልቅ ያቺ ቃል ሳትብስ አልቀረችም። ማንሳቱ የችኮላ ነው፤ ርእሱን ግን አስቤበት፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው የጻፍኩት።

ሕግ የሚያውቅ ወዳጅ አለኝና አማከርኩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ ታዋቂነት፣ የመንግሥት ሥልጣን፣ የፍርድና የፖሊስ ሥራ፣ የሳይንስ፣ የባህል፣ የትምህርት ጥቅም፣ በአደባባይ የተፈጸመ ነገር። «ኤግዚቢሽንህ ለባህል ነበር ብለህ መከራከር ትችላለህ» አለኝ እየሳቀ። መከራከርስ እችላለሁ። ግን ከማን ጋር? የምትከሰኝ ሴትዮ ስሟን እንኳ አላውቅም። ሕጉ ለሷ ያስቀመጠላትን መብት ደግሞ እኔና ወዳጄ ማኪያቶ ይዘን ነው ያነበብንላት።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ከተማዋ ለቀናት ከእጅ ወደ እጅ ዋለች። ከአጣዬ የተፈናቀለ የማውቀው ሰው ስለ ቤቱ ሲያወራኝ ቆርቆሮውን ቆጠረ፣ አልጋውን ቆጠረ፣ ሁለት ኩንታል ማሾውን ቆጠረ። በመጨረሻ «የአባቴ ፎቶ» አለና ንግግሩ እዚያ ላይ ቆመ። ሌላውን ቀስ በቀስ ይገዛዋል። ያን ጊዜ የሴትዮዋ ፎቶግራፍ በሌላ መልኩ ታየኝ። ሳሎኗ ውስጥ የተሰቀለ፣ አምራበት የተነሳችው ፎቶግራፍ ነበራት ይሆን? ተርፏል? ካልተረፈ፣ ምናልባት በዚህ ምድር ላይ ያላት አንድ ምስል እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ነው። የወጣትነቷ፤ የብርታቷ። ልጅ ካላት ልጇ ሊያየው አይወድም?

ግንቦት 2014 ላይ በፖስታ አሽጌ ይዤው ወረድኩ። በአውቶቡስ፤ ቮልሱ ከተሸጠ ቆይቷል። ሸዋ ሮቢት ሻይ ቤት ተቀምጬ ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አደረግሁ። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ፎቶግራፉን አውጥቼ «ይህችን ሴት የሚያውቅ አለ?» ማለት። ከፖስታው ግማሽ ድረስ ሳብኩት። እጄ እዚያ ላይ ቆመ። እኔ ላሳየው ነው እኮ! ከእጅ ወደ እጅ ሊዞር ነው፤ ሻይ ቤት ሙሉ ወንድ ሊያየው፣ አስተያየት ሊሰጥበት። ላታሳየን የከለለችውን ፊት እየጠቆምን «እሷ ናት፣ አይደለችም» ልንል ነው። ፎቶግራፉን ልመልስላት የምችለው መጀመሪያ የከለከለችኝን ደግሜ ባደርገው ብቻ ነው። መልሼ ከተትኩት።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው «ሰው ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። አንዲት ሴት።»

«ስሟ ማነው?»

«አላውቀውም።»

«የማን ልጅ ናት?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ ምኗን ታውቃለህ?»

«አገዳ ተሸክማ ነበር» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«በይፋት አገዳ ያልተሸከመ ማን አለ!» ብለው ሳቁ፤ ግን ክፉ ሳቅ አልነበረም። ሻዬንም እሳቸው ከፈሉልኝ።

አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ልጆች ማንጎ በላስቲክ ሞልተው ይሸጣሉ። ከአንዷ ገዛሁ፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። መልስ እየፈለገች ሳለ ደረት ኪሴ ውስጥ የነበረውን ስልክ አየችና «ካሜራው ጥሩ ነው?» አለችኝ። «ምንም አይል» አልኩ። «እስቲ አንሳኝ።»

ከልምድ የተነሳ ወዲያው ስልኩን ደገንኩ። «ቆይ!» አለች። ማንጎውን ለጓደኛዋ ሰጠች፤ ሻርፗን ፈትታ እንደገና አሰረች፤ የለበሰችውን አቧራ አራገፈች። ማንጎው ውብ ነበር፤ ከነማንጎዋ ባነሳት ብዬ ተመኘሁ፤ አልተናገርኩም። አነሳኋት። «አሳየኝ» ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «ዓይኔ ተጨፍኗል» ብላ አጠፋችው፤ የት እንደሚጠፋ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። ሁለተኛውንም አየችና «ወፍራም አስመሰልከኝ» ብላ አጠፋች። ለሦስተኛው ወስዳ አንድ አዲስ ነጭ ሚኒባስ አጠገብ አቆመችኝ፤ እሷ ሚኒባሱን ደገፍ አለች፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ልክ ከራሷ በላይ ገብቷል። ዝም ብዬ ተጫንኩት።

«ይሄ ይሁን» አለች። ቁጥሯን ነገረችኝ፤ እዚያው ቆሜ በቴሌግራም ላኩላት፤ የጓደኛዋ ስልክ ላይ ሲገባ ጮኹ። አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ። «እሱን ከስልክህ አጥፋው እንዳልል» አለችኝ እየሳቀች፣ «አትለጥፈውማ አይደል?»

«አልለጥፈውም» አልኳት። ገብቼ ተቀመጥኩ። የማንጎው ላስቲክ ጭኔ ላይ፣ ፖስታው ከሥሩ ነበር። ደብረ ሲና ስንደርስ ብርዱ ጀመረ፤ የማንጎው እርጥበት በፖስታው አንድ ጥግ ላይ ዘልቆ ነበርና አውጥቼ በሹራቤ ጠረግሁት።